ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ዋስትና መስጠት አለበትን?

ሰው በዕድሜው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው መኪና ነው። በአገራችን መኪናን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለመግዛት የሚችለው ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ ከባለመኪናዎቹ መካከል ብዙዎቹ የያዙት ቀደም ሲል ሌላ ሰው ሲነዳው የቆየውን ነው። ስለዚህም አንድ መምህር ወይም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዓመታት ቁጠባ፣ በዕቁብና ከዘመድ በተገኘ ብድር ያጠራቀመው ገንዘብ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ከእጁ ወጥቶ ወደ ሻጩ እጅ ይገባል። በዚያች ሰዓት ከሚፈረመው የሽያጭ ውል ውስጥ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አትጠፋም፤ ይኸውም «ገዢው መኪናውን አይቶ፣ መርምሮና ወዶ ገዝቷል» የምትለው ናት። ሻጮች ይህችን ዐረፍተ ነገር እንደ ጋሻ ይመለከቷታል። ገዢውም ከፈረመ በኋላ ሞተሩ ቢቆም፣ ካምቢዮው ቢሰበር አፉን ሊከፍት እንደማይችል ያምናል። እኔ ግን ይህ እምነት መሠረት የለውም እላለሁ። መኪና መሸጥን መደበኛ ሥራው ያደረገ ነጋዴ፣ የሸጠው ዕቃ ያገለገለ ቢሆንም እንኳ፣ ስለ ስውር ጉድለቱ ሊዋስ ይገባዋል፤ ዋስትናውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሊሆን ይገባል።

በመጀመሪያ «አይቶና መርምሮ» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እውነት እንዳለበት እንመልከት። ገዢው በእርግጥ ያያል። ቀለሙን ያያል፤ ወንበሩን ይዳስሳል፤ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ጎማውንም በእግሩ መታ መታ ያደርጋል (ይህ የተለመደ ድርጊት ስለ መኪናው ጤንነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም)። መካኒክ ይዞ የሚሄድ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያስደምጣል። ነገር ግን የመኪና ዋና ዋና ክፍሎች በብረት ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ናቸው። ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ቢጨመርበት ድምፁ ለጥቂት ቀናት ይለዝባል። ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ሞተር፣ ገዢው ከመድረሱ በፊት አስቀድሞ እንዲሞቅ ከተደረገ፣ ጭሱ ላይታይ ይችላል። በግጭት የተጨማደደ ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተለስልሶና ቀለም ተቀብቶ ሲቀርብ ከደኅናው ለመለየት የሠለጠነ ዐይን ያሻል። በመሪው ፊት ለፊት የሚበራው የብልሽት ምልክት እንኳ በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ተደምስሶ ለተወሰነ ጉዞ ያህል ጠፍቶ ይቆያል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ነው። በቀድሞው ዘመን ይህን ለማድረግ ቆጣሪውን ፈትቶ ጥርሶቹን በእጅ ማዞር ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በአጭር ጊዜ ይለወጣል። 200,000 ኪሎ ሜትር የሮጠ መኪና 80,000 ብቻ እንደ ሄደ ሆኖ ሲቀርብ ገዢው «አይቶ» የገዛው ምኑን ነው? ያየው ሌላ ሰው እንዲያይ የፈለገውን ቁጥር ነው።

ይህን ስል የመኪና ሻጭ ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። ጉድለቱን ራሱም ሳያውቅ በቅን ልቡና የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ይሁን እንጂ ነጋዴው መኪናውን ከማን እንደ ገዛው፣ በስንት እንደ ገዛው፣ ከገዛው በኋላም በየትኛው ጋራዥ ምን እንዳስደረገለት ያውቃል። የማያውቀውን እንኳ ለማወቅ ከገዢው የተሻለ ዕድል አለው፤ መኪናው ለሳምንታት በግቢው ውስጥ ይቆማል፤ መካኒኩም በየቀኑ አብሮት ይውላል። ገዢው ያለው ጊዜ ግን የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ ካልታወቀ ጉድለት የሚመጣው ኪሣራ፣ አስቀድሞ ሊያውቀውና ሊከላከለው ይችል በነበረው ወገን ላይ ቢያርፍ ፍትሕ ይሆናል እንጂ በደል አይሆንም።

በዚህ ላይ «ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ ዋስትና ሊኖረው አይችልም» የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለበት። ዐሥር ዓመት የሠራ መኪና ጎማው ቢያልቅ፣ የፍሬኑ ሸራ ቢሳሳ፣ የወንበሩ ልብስ ቢላጥ ገዢው ሻጩን ሊወቅስ አይችልም፤ የመኪናው ዋጋ ከአዲሱ ያነሰው ስለዚሁ ነውና። ነገር ግን ዕርጅና አንድ ነገር ነው፤ ጉድለትም ሌላ ነገር ነው። የሞተሩ ቴስታታ ተሰንጥቆ ውኃውና ዘይቱ የሚደባለቅበት መኪና አሮጌ ስለሆነ ሳይሆን የተበላሸ ስለሆነ አይሠራም። ሻጩ ስለዚህ ስንጥቅ ከዋጋው ላይ የቀነሰው ገንዘብ የለም፤ ምክንያቱም ስንጥቁ በድርድሩ ጊዜ አልተነሣም። ገዢው የከፈለው ለአሮጌ ነገር ግን ለሚሠራ መኪና የሚከፈለውን ዋጋ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው ዋስትና መኪናው አዲስ እንዲሆንለት አይደለም፤ የከፈለበትን ነገር እንዲያገኝ ብቻ ነው።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2287፣ የተሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጩን ለገዢው ዋስ ያደርገዋል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከጎደለው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ የታሰበውን ሳያሟላ ከቀረ ጉድለት አለበት ይባላል። ይህ አነጋገር አዲሱን ዕቃ ከአሮጌው አይለይም። በሌላ በኩል ገዢው ውሉን ሲዋዋል ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካላደረገ በቀር ሊሰወርበት የማይችለውን ግልጽ ጉድለት በሻጩ ላይ ሊያላክክ አይችልም። «አይቶና ወዶ ገዝቷል» የምትለው ዐረፍተ ነገር ትክክለኛ ቦታዋ እዚህ ነው፤ የተሰበረ መስተዋት፣ የተላጠ ቀለም፣ ያለቀ ጎማ እንደ ታየ ታስረዳለች። ከዚህ አልፋ በሞተር ውስጥ የተደበቀውን ስንጥቅ ልትሸፍን አትችልም። እንዲያውም ዋስትናን የሚያስቀር ወይም የሚያሳንስ ቃል በውሉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ እንደሆነ ያ ቃል ዋጋ የለውም።

ሆኖም ሕጉ ገዢውንም ሥራ ፈት አድርጎ አይተወውም። ዕቃውን እንደ ተረከበ በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዘዋል፤ ካስታወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ብዙ ገዢዎች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ይላሉ፤ ወይም ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው እየዞሩ ያስፈትቱታል፤ የተበላሸው ዕቃ ተጥሎ ሌላ ይገባል፤ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሻጩ ሲመለሱ ብልሽቱ ቀድሞ የነበረ ስለመሆኑ የሚያሳዩት ማስረጃ በእጃቸው የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ስለ ንግድ ውድድርና ስለ ሸማቾች ጥበቃ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ዐሥራ አምስት ቀን ለቀሚስና ለጫማ ይበቃ ይሆናል፤ ለመኪና ግን አጭር ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ካለ የጽሑፍ ዋስትና ለምን ያስፈልጋል? የሚያስፈልገው ለማስረጃ ነው። በሽያጩ ዕለት ነጋዴው፣ «ወንድሜ፣ አንዳች ነገር ብታይ አምጣው፤ እኔ አለሁልህ» ይላል። ይህ ቃል ምናልባት ከልቡ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክርክር ሲነሣ «አንዳች ነገር» ማለት ምን እንደሆነ፣ «አለሁልህ» የተባለውም እስከ መቼ እንደሆነ የሚያስረዳ የለም። በጽሑፍ የሚሰጠው ዋስትና ሞተርንና ካምቢዮን በስማቸው ሊጠራ፣ ዕድሜውን ለምሳሌ በሦስት ወር ወይም በ3,000 ኪሎ ሜትር ሊወስን፣ መለዋወጫውን ማን፣ የእጅ ዋጋውንስ ማን እንደሚከፍል፣ በየትኛውም ጋራዥ እንደሚጠገን ሊናገር ይገባዋል። በሽያጩ ዕለት ቆጣሪው ያሳየው ቁጥርም በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሻጩ ያን ጊዜ የሚጠየቀው በፊርማው ነው።

ይህ ጉዳይ የግለሰቦች ብቻ ሳይሆን የገበያውም ጉዳይ መሆኑን አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ለምሳሌ የመረጠውም ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ገዢ ጥሩውን መኪና ከመጥፎው ለመለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል። የቀሩት መጥፎዎቹ ስለሆኑ አማካዩ ዋጋ እንደገና ይወርዳል፤ ከቀሩትም መካከል የተሻሉት ደግሞ ይወጣሉ። በመጨረሻም ገበያው የብልሹ መኪና መናኸሪያ ይሆናል። አከርሎፍ ለዚህ መድኃኒት አድርጎ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ዋስትና ነው፤ በዕቃው የሚተማመን ሻጭ ዋስትና ቢሰጥ ብዙ አይጎዳም፤ የማይተማመነው ግን ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን ያበቃው ይህን የመሰለ ጥናቱ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ትምህርት ሊጠቀም የሚገባው ከገዢው ይልቅ ሐቀኛው ነጋዴ ነው፤ ዛሬ ከአታላዩ ጋር በአንድ ዓይን የሚታየው እርሱ ነውና።

በሌሎች አገሮች ልዩ ልዩ መንገድ ተሞክሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ፣ መኪናው ያለ ዋስትና «እንዳለ» የሚሸጥ ወይም ዋስትና ያለው መሆኑን፣ ካለውም ነጋዴው ከጥገናው ወጪ ስንት እጅ እንደሚከፍል የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ ይገደዳል። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ወረቀት ሳያነቡ አይቀሩም። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከዚህ ይርቃል፤ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ በስድስት ወር ውስጥ ጉድለት ቢታይበት ጉድለቱ በርክክቡ ጊዜ እንደ ነበረ ይገመታል፤ አልነበረም ብሎ የማስረዳት ሸክሙም በነጋዴው ላይ ይወድቃል። በዚያ አገር ሰዎች ለሽርሽር የሚጎትቱት ካራቫን የሚባለው ተጎታች ቤትም በዚህ ሕግ ይተዳደራል። የካራቫን ዋናው ስውር ጉድለት በመጋጠሚያዎቹ ሠርጎ ግድግዳውን ከውስጥ የሚያበሰብሰው እርጥበት ነው። ፋብሪካዎች በእርጥበት ላይ ለዓመታት የሚቆይ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ መመርመርን ግዴታ ያደርጋሉ፤ የቀድሞው ባለቤት አንዱን ዓመት ዘልሎ ከሆነ አዲሱ ገዢ በዋስትናው ላይጠቀም ይችላል። ስለዚህ ዋስትና አለ ሲባል ከነግዴታው ማንበብ ያሻል።

ዋስትና የሚያስፈልገው ለብረቱ ብቻም አይደለም። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ፣ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው መብት አለኝ ብሎ እንዳይነጥቀው ሻጩ በሕግ ዋስ ቢሆንም፣ ስመ ሀብቱን ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ የሚደረገው ሽያጭ ገዢውን ለዚህ አደጋ ያጋልጠዋል። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩም ከመዝገቡ መረጋገጥ አለበት። ደላላው «ንጹሕ ነው» ማለቱ እንደ ማረጋገጫ አይቈጠርም፤ ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ በመፈጸሙ ነው።

አንዳንዶች፣ ነጋዴ ዋስትና እንዲሰጥ ከተገደደ ዋጋ ይጨምራል ይላሉ። ጥቂት ይጨምር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬም ገዢው ያንን ወጪ ይከፍላል፤ ልዩነቱ በጋራዥ ውስጥ፣ ሳያስበውና በአንድ ጊዜ መክፈሉ ነው። ለመቶዎች የሚሸጥ ነጋዴ የአንዱን ብልሽት በሌሎቹ ትርፍ ያቻችላል፤ አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ግን የሚያቻችልበት የለውም።

ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ ያደረገው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው መታወቁ ነው። ቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ በየዓመቱ ያረጃሉ። በእነርሱም ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ያገለገሉ መኪናዎች ይጨመራሉ። የእነዚህ ትልቁ ሀብት ባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ በዕድሜና በአጠቃቀም ኃይል የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል፤ መቀነሱንም በዐይን ማየት፣ በጆሮም መስማት አይቻልም። የሚያጨስ ነገር የለውም፤ የሚያንኳኳም የለውም። መካኒኩ ኮፈኑን አስከፍቶ የሚያዳምጠው ድምፅ በሌለበት መኪና ፊት፣ ገዢው ከመፈረሙ በፊት የባትሪው ችሎታ በመሣሪያ ተለክቶ ከመቶ ስንት እንደሆነ በውሉ ውስጥ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ ነጋዴውም ለዚያች ቁጥር ይፈርም።