አባትየውስ?

አንዲት ተማሪ ስታረግዝ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። እናቷ እንዴት ሳታይ ቀረች? ከማን ጋር ስትውል ነበር? ያስረገዛት ልጅ ግን በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ክፍል ይገባል፤ ስሙን የሚያነሳም የለ።

ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ወንዶች ጋር ስለዚህ ጉዳይ ስንጨዋወት መጀመሪያ የምሰማው ሁሌም አንድ ነው፦ «ራሷን መጠበቅ ነበረባት»፤ «የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ከታላላቆቻቸው ሲሰሙት ያደጉት ስለሆነ ለመናገር አያመነቱም። ቆየት ብሎ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ ከቤት ያባርረኛል» ሲል ግን ሌሎቹም ዝም ይላሉ። ክህደቱ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ይገባኛል። የፈራ ልጅ ነገሩ እንደሚመለከተው ያውቃል፤ ከእሱ ጋር መነጋገር ይቻላል። እኛ ግን ወይ በዱላ እንቀበለዋለን፣ ወይ «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» ብለን እናልፈዋለን። በሁለቱም መንገድ ሸክሙ እሷ ላይ ይቀራል።

እርግጥ ልጃገረዶችን የሚያስረግዙት ሁሉ እኩዮቻቸው አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘው ነበር፤ በአፋር 23፣ በአዲስ አበባ 3 በመቶ። ብዙዎቹ ባለትዳር ናቸው። እዚያው ጥናት ላይ የሴቶች መካከለኛ የጋብቻ ዕድሜ 17 ሲሆን የወንዶች ወደ 24 ይጠጋል። ታዳጊው ወንድ ሲያይ የሚያድገው እንግዲህ ልጅ አስወልዶ ማንም የማይጠይቀውን ጎልማሳ ነው።

ሕጉ ግን ይጠይቃል። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት አልቀበልም ያለ ሰው፣ «አገባሻለሁ» ብሎ አታልሎ ወይም አባትነቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት አባት ነው ሊለው ይችላል። ቀለብም ይከተላል። ይህን የምነግራቸው ላስፈራራቸው አይደለም፤ ፍርሃትማ ሞልቷቸዋል።

ርእሰ መምህሩ የልጅቱን ወላጆች ሲጠራ የልጁንም ይጥራ። በሴት ተማሪዎች ክበብ ስለ እርግዝና መከላከያ የሚነገረው ወንዶቹም ባሉበት ይነገር፤ ኮንዶም መያዝ የማን ኃላፊነት እንደሆነ አዋቂ ባለበት ይከራከሩ። ነገሩ በኃይል የተፈጸመ ከሆነ ሽማግሌ አይገባበትም፤ የፖሊስ ጉዳይ ነው። በመፋቀር የመጣ ከሆነ ግን አባት ልጁን ከማባረር ይልቅ ይዞት ወደ ልጅቱ ቤት ይሂድ። ሊድሯቸው አይደለም፤ ገና ልጆች ናቸው። የሕፃኑን ወጪ ማን እንደሚችል፣ እሷም ወደ ትምህርቷ መቼ እንደምትመለስ ልጁ ባለበት ይነጋገሩ።