ቡናችን የተሳፈረበት ባቡር

በእንግሊዝ ሀገር፣ አሮጌ የባቡር ፎቶግራፍ እየሰበሰቡ፣ እርስ በርሳቸው እየተለዋወጡና ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ሳይሰለቹ እየተከራከሩ ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ፣ ይልቁንም ሐዲድ ባልተዘረጋበት በኢሉባቦር ምድር ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች የያዙት የዜና መዋዕል ጸሓፊን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለቡሬና ለበደሌ ሰዎችም ሳይውል ሳያድር ልንማረው የሚገባ ትምህርት አለበት።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አንዱ በጀርባው ምንም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ያቀርባል። ሁለተኛው በባቡሩ ግንባር የተሰቀሉትን ፋኖሶች ይመረምርና፣ ሁለቱ ፋኖሶች ከታች በግራና በቀኝ ስለ ተሰቀሉ ይህ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ነው፤ አንድ ፋኖስ ብቻ ከጭስ መውጫው ሥር ቢሆን ኖሮ ግን በየጣቢያው የሚቆም ተራ ባቡር በሆነ ነበር ይላል። ሦስተኛው ቁጥሩን ያነባል፤ በ1930 ዓ.ም. በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ የእንፋሎት ባቡሮችን ሁሉ የቀደመችው ማላርድ በዚያን ጊዜ ቁጥሯ 4468 ነበር፤ የሀገሩ የባቡር ኩባንያዎች በመንግሥት እጅ ከገቡ በኋላ ግን 60022 ስለ ተባለች፣ ቁጥሩን ያየ ሰው ሥዕሉ ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ መነሣቱን ያለ ሌላ ምስክር ያውቃል። አራተኛው ከግንባሩ ታች የተለጠፈችውን ትንሽ ሞላላ ሰሌዳ አይቶ ባቡሩ የሚያድርበትን ቤት ይናገራል። እንዲህ እየተራረሙ፣ ስም ያልነበረው ሥዕል ስም፣ ቀንና ቦታ አግኝቶ ወደ መዝገብ ይገባል።

ይህን ትጋት የወለደው ሐዘን ነው። በ1955 ዓ.ም. ብዙ መስመሮችና ጣቢያዎች እንዲዘጉ የሚመክር የመንግሥት ዘገባ ሲወጣ፣ በ1960 ዓ.ም. መጨረሻም የእንፋሎት ባቡር ከዋናው አገልግሎት ሲሰናበት፣ የሚያልፈውን ነገር ሳያልፍ ለማስቀረት ካሜራ ያነገተ ሰው ሁሉ ወደየጣቢያው ወጣ። ከነዚህም መካከል የዌክፊልድ ጳጳስ የነበሩት ኤሪክ ትሬሲ ይገኙባቸዋል። እኒህ አባት የባቡር ነጂዎችንና እሳት አንዳጆችን እንደ ምእመኖቻቸው አድርገው የሚወዱ፣ በሥዕላቸውም ውስጥ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን በጥላሸት የጠቆረውን ሠራተኛ ጭምር የሚያስገቡ ሰው ነበሩ፤ በግንቦት 1970 ዓ.ም. አፕልቢ በተባለው ጣቢያ የእንፋሎት ባቡር ሲጠብቁ ሳለ ነፍሳቸው ከሥጋቸው ተለየች። ያነሷቸው ሥዕሎች ዛሬ በዮርክ ከተማ በብሔራዊው የባቡር ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የእንግሊዝ ባቡር ከእኛ ታሪክ ጋራ የተገናኘው ሰዎች ከሚያስቡት ዘመን አስቀድሞ ነው። አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የናፒየር ጦር ከዙላ ባሕር ዳርቻ እስከ ኩማይሌ ሃያ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሐዲድ ዘርግቶ፣ ባቡሮችንም ከሕንድ አምጥቶ ስንቁንና መሣሪያውን አጓጉዞበታል፤ ከጦሩ ጋራ የመጡት መሐንዲሶችም የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘው ስለ ነበር የዘመቻውን ብዙ ነገር በሥዕል አስቀርተዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቃ ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱ ተነቀለ፤ ፎቶግራፎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

ወደ ኢሉባቦር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የተዋዋሉት ውል፣ በአራተኛው አንቀጽ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ሲፈቅድ፣ በአምስተኛው አንቀጽ ደግሞ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር መንገድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ባቡሩ በወረቀት ላይ ቀረ። የንግዱ ቦታ ግን ጋምቤላ ሆነ፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየወጡ ይደርሱበት ጀመር። የጎሬና የመቱ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በበቅሎና በሰው ጀርባ ተጭኖ የቡሬን ቁልቁለት እየወረደ ጋምቤላ ይገባል፤ ከዚያም በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ተንሳፎ ካርቱም ይደርሳል፤ ከፊሉ በሱዳን ገበያ ሲሸጥ፣ ወደ ባሕር ማዶ የሚያልፈው ብሪታንያ ውስጥ፣ በግላስጎውም ጭምር፣ በተሠሩ ባቡሮች እየተሳበ ወደ ፖርት ሱዳን ይጓዛል። በመልሱ ጨውና አቡጀዲ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ኢሉባቦር ሐዲድ አላየችም ቢባልም፣ ቡናዋ ባቡር ተሳፍሯል፤ የሱዳንን አሮጌ ባቡሮች ፎቶግራፍ የሚያጠኑት እንግሊዛውያን ስለ ማሽኑ ፋብሪካና ስለ ቁጥሩ ሲከራከሩ፣ ከኋላ በተቀጠለው ፉርጎ ውስጥ ያለውን የጆንያ ቡና ማን እንደ ለቀመው የሚነግራቸው ሰው አጥተዋል።

ይህን መንገር የሚገባን እኛ ነበርን። መቱ ውስጥ በአንዲት እናት ቤት፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ፎቶግራፍ አይቻለሁ። በኋላው የውሃ መንኮራኩር ያለው መርከብ ከወንዙ ዳር ቆሟል፤ ከፊቱ ጆንያ ተከምሯል፤ ከክምሩ አጠገብ ባርኔጣ የደፋ አንድ ሰውና ነጠላቸውን ያገለደሙ፣ ባዶ እግራቸውን የቆሙ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። እማማ በቀኝ በኩል የቆመውን የባለቤታቸው አባት መሆኑን ያውቃሉ፤ ሌሎቹን የሚያውቁት ግን አልፈዋል አሉኝ። ጀርባውን ገለበጥሁት፤ ባዶ ነው። እንደ እንግሊዞቹ አስተውሎ ለሚያይ ሰው ግን ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ ውሃው እስከ ሣሩ ድረስ ሞልቷልና ወራቱ ክረምት ወይም የክረምቱ መውጫ ነው፣ በጥር በዚያ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ መርከብ አይታሰብምና፤ በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ደብዝዞ ባይሆን ኖሮም፣ ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ከተመለሰችበት ከ1949 ዓ.ም. በፊት ወይም በኋላ መነሣቱን መለየት በተቻለ ነበር። የመርከቡን ስም ከጎኑ ላይ ማንበብ የሚችል አጉሊ መነጽርና ይህን ዕውቀት የያዘ ሰው ቢገናኙ፣ የሚቀረው የሁለቱ ሰዎች ስም ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከእኛ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

እኛ በጽሑፍ ሰነፎች ከነበሩ አባቶች አልተወለድንም። በየገዳሙና በየደብሩ በወንጌሉ ኅዳግ የርስት ስጦታ፣ የመሬት ውል፣ የምስክሮች ስም እየተጻፈ ስንት ዘመን ኖሯል፤ የብዙ ሀገር ታሪክም የተገኘው ከዚያ ኅዳግ ነው። ብራናው ውድ በነበረበት ዘመን ባዶ ቦታን በምስክርነት የሞላ ሕዝብ፣ ዛሬ የፎቶግራፉን ጀርባ ባዶ ትቶ መሞቱ ያሳዝነኛል።

የጎደለውን ነገር ሌሎች ይዘውታል። የሱዳን መንግሥት ሹማምንት የነበሩ እንግሊዛውያን ያስቀሯቸው ወረቀቶችና ሥዕሎች በደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ቤተ መዛግብት ተሰብስበዋል። እንዲህ ባለው ክምችት ሁሉ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ከሥዕሉ ሥር ስሙ የሚጻፈው ሹሙ ነው፤ ጭነቱን የተሸከመው ሰው «ተሸካሚ» ተብሎ ያልፋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ሀገር ከሄዱ በኋላ ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የተቀመጡባት ጎሬም፣ ከዚያ ወራት የቀረ ሥዕል በሰዎች እጅ ሊኖርባት የሚገባ ከተማ ናት። በየከተሞቻችን የነበሩ የፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ኔጋቲቩ ከቆሻሻ ጋራ ይጣላል። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የድሬዳዋና የለገሃር ሰው ቢያንስ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች አሉት፤ ጠይቆ ይረዳል። ቡናውን በቡሬ ቁልቁለት ያወረደው የእኛ ሰው ግን የጡረታ ደብተርም የሠራተኛ መዝገብም አልነበረውም።

ባቡሩም መርከቡም የባዕድ ኃይል መሣሪያ ነበር፣ ለምን እናሞግሰዋለን የሚል ወገን ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የዙላ ባቡር የጫነው የጦር መሣሪያ ነውና። ነገር ግን ፎቶግራፍን መመዝገብ ምስክርን መስማት እንጂ ማሞገስ አይደለም፤ ምስክሩ ካልተሰማ የሚረታው አስቀድሞ የጻፈው ወገን ነው።

ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የመቱ ዩኒቨርሲቲ፣ የየከተማው ትምህርት ቤቶችና ዕድሮች ተባብረው በዓመት አንድ ጊዜ ሰዎች ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚመጡበትን ቀን ይወስኑ። ሥዕሉ በዚያው ግልባጩ ይነሣና ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ወስዶ የማይመልስ ሰው አንድ ጊዜ ከገባበት ሣጥኑን ሁለተኛ የሚከፍት አይገኝም። ግልባጩ በአደባባይ ይሰቀል፤ የተሳሳተ ስም የሚታረመው የሚያውቅ ዓይን ሲያየው ነውና፣ የእንግሊዞቹም ጥበብ ከዚህ የሚያልፍ አይደለም። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት በኦሮምኛም ሆነ በአኙዋክ ቋንቋ፣ በተናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ። አንድ ቅጂም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይላክ።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ አሮጌ ፎቶግራፍ ካለ፣ አያትዎ ወይም ጎረቤትዎ በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ይቀመጡና እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ይጠይቁ፤ የነገሩዎትንም፣ የነገረዎትን ሰው ስም ጨምረው፣ ከጀርባው ላይ ይጻፉ። በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ሥዕሉ ያልፋል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ።