ማርጂኑ ተስተካክሏል፤ ጥያቄውስ?

ሰሞኑን የአንድ ወዳጃችን ፕሮፖዛል ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰበት። ልጁ ቀን ባንክ እየሠራ ማታ ማስተርሱን የሚማር ነው። ኮርሶቹን ጨርሷል፤ የቀረችው ያቺ "ቲሲስ" የምትባል ጉድ ብቻ ናት። ቡና ይዘን ከበብነውና በቀይ እስክሪብቶ የተሞላውን ወረቀት ገጽ በገጽ አየንለት። በመጀመሪያው ዙር፦ "ማርጂን ይስተካከል፤ በግራ በኩል ለጥረዛ ይስፋ።" በሁለተኛው፦ "የመስመሩ ክፍተት 1.5 ይሁን።" በሦስተኛው፦ "ማጣቀሻው ኤፒኤ አይደለም።" አርባ ምናምን ገጽ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ "ለመሆኑ ማወቅ የፈለግኸው ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ርዕሱን ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የእናንተም ወይም የጎናችሁ ሰው ርዕስ ነዋ! "የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በእገሌ ባንክ።" የባንኩን ስም ብትቀይሩት ሌላ ፕሮፖዛል ይወጣዋል። "የጥናቱ ጠቀሜታ" የሚለው ክፍልማ መቀየርም አያስፈልገው፤ ለቀጣይ ተመራማሪዎች መነሻ ይሆናል ይላል፣ ሁሌም።

ቅርጽ አይረባም እያልን አይደለም። የተዝረከረከ ወረቀት ማንበብ ያደክማል። ግን እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ርዕሶቹን በዎርድ "ሄዲንግ" አድርጋችሁ ብትጽፉ ማውጫው በራሱ ይወጣል፤ ነጥብ እየደረደሩ ማደር የለም። ፕሮፖዛል የሚጻፈው ገና ስለሚሠራ ነገር ስለሆነ በወደፊት ጊዜ ይጻፍ። ፊደሉም ቢሆን ታይምስ ኒው ሮማን 12 ብቻ አይደለም፤ ሰባተኛው የኤፒኤ እትም ካሊብሪ 11ንም ይቀበላል። (ይህን ለአማካሪያችሁ ስትነግሩ እኛን አትጥሩ።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "ናሙናህ ስንት ነው?" አልነው። "ሦስት መቶ" አለ ሳያመነታ። "ለምን?" "ያማኔ።"

ያማኔ! ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመ የስታቲስቲክስ መጽሐፉ ያስቀመጣት ቀመር በእኛ አገር ፕሮፖዛሎች ውስጥ እንደ ዳዊት ትደገማለች። የወዳጃችን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 1,200 ሠራተኛ አለው እንበል። የስህተቱ መጠን 0.05 ሲሆን 1,200 ለ4 ይካፈልና 300 ይመጣል። ሠራተኛው 10,000 ቢሆን 385፣ 100,000 ቢሆን 399 ነው፤ ምንም ቢበዛ ከ400 አያልፍም። ቀመሩ ትክክል ነው። ግን የሚመልሰው "ከመቶው ስንቱ?" ለሚል ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ከሠራተኛው ስንት በመቶው ሥራ ለመልቀቅ እንደሚያስብ አምስት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ በሚል ግምት ለማወቅ። ወዳጃችን ግን ይህን አልጠየቀም። አምስት የአመራር ዘይቤዎችን ወስዶ በሪግሬሽን አፈጻጸምን ሊተነብይ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥር የሚወሰነው ዝምድናው ምን ያህል ጠንካራ ይሆናል ተብሎ እንደሚጠበቅ ነው። ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ በተለመደው የ0.05 መስፈርትና በ80 በመቶ የማግኘት ዕድል፣ አምስት ተለዋዋጮች ላሉት ሪግሬሽን ዝምድናው መካከለኛ ከሆነ 91 ሰው ይበቃል፤ ደካማ ከሆነ 645 ያስፈልጋል። እንግዲህ 300 ወይ ሦስት እጥፍ በዝቷል፣ ወይ ከግማሽ በታች ነው። የትኛው እንደሆነ ፕሮፖዛሉ አያውቅም።

ደግሞም ቀመሩ ሰዎቹ በዕጣ ይመረጣሉ ብሎ ነው የሚነሳው። የእኛ ሰው ግን 300 መጠይቅ ለሰው ሀብት ክፍል ሊያስረክብ ነው፤ የዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተገኘ ይሞላል። እሱስ ቢያንስ የሠራተኛ ስም ዝርዝር አለው። ወረዳ ወርዳችሁ ቤት ለቤት ልትጠይቁ ያሰባችሁ ደግሞ አስቡት፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን መጠይቁ ነው። አፈጻጸም የሚለካው "ሥራዬን በብቃት እወጣለሁ" በሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከ1 እስከ 5 ይከበባል። ማን ነው በገዛ እጁ 2 የሚከብብ? አለቃውንም የሚመዝነው ያው ሰው፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ስሜት ነው። ጭማሪ በገባለት ማግስት ከሆነ አለቃውም መልአክ፣ እሱም አንበሳ ነው። የክሮንባክ አልፋው ከ0.7 በላይ ይወጣል፣ "አስተማማኝ" ይባላል። አልፋ የሚነግረን ግን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ አፈጻጸምን መለካታቸውን አይደለም። በአንድ ቀን መጠይቅ "ተጽዕኖ"ን ማሳየትማ የማይታሰብ ነው። ጥሩ አለቃ ጥሩ ሠራተኛ አፈራ ወይስ ጥሩ ሠራተኛ አለቃውን ደግ አደረገው?

አማካሪዎችን ብቻ መውቀስ አንፈልግም። ብዙ ተማሪ የተሸከመ መምህር ማርጂን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጥያቄ ለመፈተሽ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ችግሩ፣ በማስመሪያ የሚታረም ነገር በገንዘብም ይገዛል። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይና በቴሌግራም "ፕሮፖዛል በአጭር ጊዜ እንሠራለን" የሚሉት ሰዎች ማርጂናቸው እንከን የለውም። ሦስት ዓመት ከራሱ ደመወዝ እየቆረጠ የከፈለ ሰው፣ ጓደኛው ገዝቶ ሲያልፍና እሱ በ1.5 ክፍተት ሲመለስበት ምን ይሰማዋል?

ያን ምሽት የሠራነው ነገር ቀላል ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥተነው "ጥናትህ አልቋል እንበል፤ የመጨረሻዋን ሠንጠረዥ ሥራት፤ ቁጥሩ ይቅር፣ ዓምዶቹን ብቻ ጻፍ" አልነው። አርባ ምናምን ገጽ የጻፈ ልጅ ሃያ ደቂቃ እስክሪብቶውን ነከሰ። በመጨረሻ የወጣው ነገር የአመራር ዘይቤ አልነበረም። "እኛ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር ቴለሮቹ የሚለቁ ይመስለኛል፤ እውነት መሆኑን ማወቅ ነው የምፈልገው" አለ። ዓምዶቹም መጡ፦ ቅርንጫፍ፣ ሥራ አስኪያጅ የተቀየረበት ወር፣ ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ወራት የለቀቁ፣ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት የለቀቁ፤ አጠገቡም በዚያው ጊዜ አስኪያጅ ያልተቀየረባቸው ቅርንጫፎች። ይህ ሁሉ በባንኩ መዝገብ ያለ ነው። "በጣም እስማማለሁ" የሚል ሰው አያስፈልግም።

አሁን መረጃውን ለማግኘት ደብዳቤ አስገብቷል፣ መልስ እየጠበቀ ነው። ምዕራፍ አንድንም ከሠንጠረዡ ወደ ኋላ እየሄደ እንደገና እየጻፈው ነው፤ እስካሁን ስድስት ገጽ ደርሷል። ማርጂኑን ገና አላስተካከለም።