ኩረጃና ጥናት ለየቅል ናቸው

ኢስታንቡልን አይቶ የተመለሰ ሁሉ አንድ ነገር ይደግምልናል፤ «ሱለይማኒዬ መስጊድ እኮ የአያሶፍያ ኮፒ ነው!» ለእኛ ግን አልተዋጠልንም።

መሐንዲሱ ሲናን አያሶፍያን አጥንቷል፤ ማንም አይክድም። መካከል ላይ ትልቅ ጉልላት፣ ከፊትና ከኋላ ግማሽ ጉልላቶች፤ ሐሳቡ ከዚያው ነው። ፈተና ላይ የኮረጀና መጽሐፉን ያነበበ ግን አንድ ነው እንዴ?

እስቲ ከ1550 እስከ 1557 (እ.ኤ.አ.) ወደተሠራው ሱለይማኒዬ ግቡ። አያሶፍያ ግራና ቀኙ በዓምዶችና በሰገነት የተጋረደ ነው። ሲናን መጋረጃውን ስለገፈፈው ዓይን ከዳር እስከ ዳር ያለ ከልካይ ይሄዳል። በ537 የተመረቀው አያሶፍያ ጉልላቱ በ558 ተደርምሷል፤ እንደገና ከተሠራም በኋላ በየዘመኑ ከውጭ ድጋፍ ሲደረብለት ኖሯል። ሲናን ደግሞ ድጋፉን ገና ከጅምሩ ከግድግዳው ጋር አዋሐደው፤ ካልነገሯችሁ አታዩትም። የመብራቱ ጭስ እንኳ ከበሩ በላይ ወዳለች ክፍል እየተሳበ፣ ጥላሸቱ ተጠራቅሞ የጽሕፈት ቀለም ይሆን ነበር። ይህንንስ ከማን ኮረጀው?

ደግሞ በ1573 አያሶፍያ ሲጠገን ሥራው ለማን የተሰጠ ይመስላችኋል? ለዚሁ ለ«ኮራጁ»! በዚያው ሰሞን ኤዲርኔ ላይ ሰሊሚዬን እየገነባ ነበር። የጉልላቱ ስፋት 31 ሜትር ያህል፣ ከአያሶፍያ ጋር የሚወዳደር፤ የቆመው ግን በአራት ሳይሆን በስምንት ምሰሶ ላይ ነው። በሉ፣ እሱንም ኮፒ በሉት!