የረዘመው ልብሱ ነው

የዚህ ሳምንት ንዴቴ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። አንዲት የፋሽን አማካሪ ነኝ ባይ፣ እግሯን አነባብራ «አጭር ሴቶችን» ትመክራለች። ሰፊ ጥበብ ያለው ቀሚስ አትልበሱ፣ ነጠላ አታስረዝሙ፣ አግድም መስመር ያለበት ነገር አትንኩ፣ ያለ ታኮ ከቤት አትውጡ። ታኮውን እዚህ ኩየራ ትምጣና፣ ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ትሞክረው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

አግድሙንም ቢሆን ማን እንዳስተማራት እንጃ። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ገና በ1867 እ.ኤ.አ. አግድም የተሰመረበት ካሬ ረዝሞ እንደሚታይ ጽፎ፣ የሴቶችን ቀሚስ በምሳሌነት ጠቅሷል። ሰውዬው ስለ ዓይን የሚያጠና እንጂ ቀሚስ የሚሸጥ አልነበረም።

ለመሆኑ አጭር ማን ናት? አሜሪካኖች ለአጭር ሴት ለይተው የሚሰፉት ልብስ አላቸው፤ ከ1 ሜትር ከ63 ገደማ በታች ለሆነች ነው። የኢትዮጵያዊት አማካይ ቁመት ደግሞ 1 ሜትር ከ57 አካባቢ ነው። በእነሱ ሜትር ከሆነ እንግዲህ አብዛኞቻችን አጭር ነን። አገር ሙሉ ሴት ሱሪዋን እያጠፈች የምትሄድ ከሆነ ጥፋቱ የሱሪው ነው።

ደግሞስ በቁመት ማን ያፍራል? ኅዳር 1956 በኬኔዲ ቀብር ላይ ጃንሆይ ከፈረንሳዩ ደ ጎል ጎን ሲራመዱ የተነሱትን ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ደ ጎል ሁለት ሜትር ሊሞሉ ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው፤ የለበሱት ግን ተራ የወታደር ልብስ ነው። ጃንሆይ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይሄዳሉ። የእኛዋ አማካሪ ብትኖር «ግርማዊ ሆይ፣ ሜዳሊያው ያሳጥርዎታል» ማለቷ አይቀርም ነበር።

የልብሱን ጣጣ የሚያውቁት መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው የሚሰፉት ጋሼ ናቸው። ከሻሸመኔ ገበያ የተገዛ ሰልባጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ሱሪ ቀላል ነው፤ ቆርጦ ማጠፍ ነው። መከራው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ሰሞኑን አንዲት ሚዜ ከሽሮ ሜዳ የተገዛላትን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ አራት ጣት ይቀንሱልኝ።»

«ከየት ልቀንሰው ልጄ? ከታች ብቆርጠው ጥበቡ ይሄዳል።»

«ከወገቡስ?»

ቀሚሱን ዘርግተው ከደረት እስከ ጉልበት የወረደውን የመስቀል ጥለት በጣታቸው ተከተሉት። ከወገቡ ቢያዝ የመስቀሉ ክንድ ስፌት ውስጥ ይገባል። ብዙ ካሰቡ በኋላ ከጉልበት በታች ያለውን ባዶውን ነጭ ቆርጠው አወጡና የታችኛውን ጥበብ መልሰው ገጠሙት፤ ስፌቱን ጥበቡ ጠርዝ ሥር ደበቁት። እኔ ያየሁት ስለተነገረኝ ነው።

ሸማኔው ቀድሞ ቁመቷ ቢነገረው ይህ ሁሉ ባልመጣ። ጥበቡ የሚገባው ጨርቁ እየተሸመነ ስለሆነ፣ ልኩን ያወቀ ሸማኔ ቦታውን ጠብቆ ያስገባዋል። አሁን ግን ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቆ፣ ረጅም አሻንጉሊት ላይ ተሰቅሎ ነው የሚጠብቀን። (አሻንጉሊቷ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

እዚህ ላይ የቆየው ጠቤ ይነሳብኛል። ጥበብ የታተመበትን የቻይና ፖሊስተር ስንት ጊዜ እንደረገምኩት ታውቃላችሁ። ዛሬም አልወደውም፤ ያፍናል። ነገር ግን ያ የታተመ ጨርቅ ከየትም ቢቆረጥ ግድ የለውም፤ ዋጋውም ቢሆን ከፈትሉ ጋር አይወዳደርም። አጭሯ ልጅ ወደ እሱ ብትሄድ ምን ብዬ ልፍረድባት? ቻይና ሸማችንን አጠፋው እያሉ የሚያለቅሱ ባለሱቆች፣ ከእንባው በፊት ሦስት ዓይነት ቁመት ሰፍተው ይስቀሉ። «ስሞል» የሚል ወረቀት ስለ ወርድ እንጂ ስለ ቁመት ምንም አይነግረኝም፤ ሳንቲ ሜትሩን ይጻፉበት።

ይህን ሐሳቤን ለጋሼ ነገርኳቸው። መርፌያቸውን ከከንፈራቸው አውጥተው «ሁሉም ልክ ሆኖ ከመጣ እኔ ምን ልበላ ነው?» አሉኝ።