44 ሰዓት በመርከብ ላይ

ልጅዎ ጀርመን ናት እንበል። ገናን አብረን እናሳልፍ ብላ ትኬት ልካልዎታለች። ቪዛው ወጥቷል፤ ሽሮ ሜዳ ወርደው ለእሷ ጋቢ፣ ለልጅ ልጅዎ ጥበብ ቀሚስ ገዝተዋል። አንድ ማታ ስልክ ትደውልና “እማዬ፣ ስትመጪ በመርከብ ኖርዌይ ወስጄሽ እንመለሳለን፤ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው” ትላለች። እሷ ሳትጨርስ የእርስዎ መልስ ተዘጋጅቷል፦ “ኧረ ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ገንዘብ አታባክኚ። እኔ አንቺን ካየሁ ምን ጎደለብኝ?”

ከቀጨኔ እስከ አዲሱ ገበያ ይህን መልስ የማይመልስ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን በዚህ ወር እሺ ይበሉ ልልዎት ነው የመጣሁት።

በአውሮፓ የብርድ ወራት ልጁን ሊጠይቅ የሄደ ወላጅ ውሎ ምን እንደሚመስል ከተመላሾች ሰምተው ይሆናል። ልጅ ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ ትገባለች። ቤቱ ይሞቃል፣ ቴሌቪዥኑ በማይገባ ቋንቋ ያወራል፣ ቡና ጠጡ ብለው የሚጠሩት ጎረቤት የለም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መስኮቱ ይጨልማል። ማታ ልጅ ስትመጣ ደክሟታል፤ እራት ተበልቶ፣ ትንሽ ተወርቶ፣ ይተኛል። ወር ሞልቶ ጉለሌ የተመለሰ ወላጅ ሲጠየቅ “ደኅና ናቸው፣ ብቻ ሥራ ይበዛባቸዋል” ይላል። የዚያችን “ብቻ” ትርጉም የሄደ ያውቀዋል።

አሁን ወደ መርከቡ። ከሃምቡርግ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ ኪል የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ከዚያ ከለር ላይን የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ሁለት መርከቦች፣ ከለር ፋንታሲና ከለር ማጂክ፣ እየተፈራረቁ ወደ ኦስሎ ይመላለሳሉ። እያንዳንዳቸው ከ2,500 በላይ መንገደኛ ይይዛሉ፤ መኪናውም ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። መሐላቸው ላይ ሱቅና ካፌ የተደረደረበት ጣሪያ ያለው መንገድ አለ፤ ለልጆች መዋኛና መጫወቻ አላቸው። ከኪል ከቀኑ 8 ሰዓት ይነሳሉ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ኦስሎ ይደርሳሉ። እዚያ አራት ሰዓት ቆመው በ8 ሰዓት ይመለሳሉ፤ በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ኪል ናቸው። ሲደመር 44 ሰዓት፤ ከዚያ ውስጥ 40ው መርከብ ላይ ነው። (ልጅዎ ዴንማርክ ከሆነች ከኮፐንሃገንም ወደ ኦስሎ በአንድ ሌሊት የሚደርስ መርከብ አለ።) ለጥገና የሚቆሙበት ጊዜ ስለሚኖር ቀኑን አስቀድማ ታረጋግጥ።

ለእኔ ዋናው ነገር እነዚህ 40 ሰዓታት ናቸው። ልጅዎ መሄጃ የላትም። አለቃ አይጠራትም፣ ፈረቃ የለባትም፣ ሳህን ልጠብ ብላ አትነሳም። ባሕር መሐል የመርከቡ የስልክ መስመር በሳተላይት ስለሚሠራ ዋጋው ውድ ነው፤ ስለዚህ ሁላችሁም ሮሚንጉን አጥፉት። እርስዎም ጉለሌ ላሉት ልጆችዎ “ለሁለት ቀን አልደውልም” ብለው ቀድመው ይንገሩ፤ አለዚያ ሰፈሩ በሙሉ ይሸበራል።

ቪዛው የጀርመን ነው ብለው አይስጉ። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ ናት። ከኪል በቀጥታ ኦስሎ ደርሶ መመለስ ከሼንገን እንደ መውጣት አይቆጠርም። ፓስፖርትዎን ግን ልጅዎ ቤት መሳቢያ ውስጥ ትተው እንዳይሄዱ፤ ፍተሻ ይኖራል። ለቪዛው ያስገቡት ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የሕክምና መድን መላውን ሼንገን የሚሸፍን ስለሆነ ወረቀቱን አብረው ይያዙ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከእጅ ቦርሳዎ አይለይ።

ስለ ዋጋ እናውራ፤ “አታባክኚ” ያሉት እርስዎ ነዎት። የብርድ ወራት፣ በተለይ የሳምንቱ መሐል ቀናት፣ ከአውሮፓ የበጋ ወራት ይረክሳሉ። መስኮት የሌለው ክፍል መስኮት ካለው ይረክሳል። በታኅሣሥ መስኮት አያስፈልግዎትም ባይ ነኝ፤ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳየው ጨለማ ነው። በራቸው የተዘጋ ጠባብ ክፍሎች የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግን ሳይሸማቀቁ ይናገሩ፣ ልጅዎ መስኮት ያለውን ትያዝ።

ሻንጣ ላይ አንድ ነገር። ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው። ያ በስንት ልፋት የደረቀ ቋንጣና ለልጄ ብለው ያነጠሩት ቅቤ ፍራንክፈርት ላይ ተወስዶ ሊጣል ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ይዘው ይሂዱ። ቆሎው ለመርከቡም ይሆናል።

ቡና መርከብ ላይ አይፈላም። ከሰልም፣ ቡታጋዝም፣ ዕጣንም የለም፤ ጭስ ሲሸት የሚጮህ መሣሪያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ አለ፣ ሲጮህም ለእርስዎ ክፍል ብቻ አይጮህም። ጠዋት ልጅዎ ቤት አፍልተው በፔርሙዝ ይዘው ይውጡ። ሲኒውን በፎጣ ጠቅልለው ቢይዙ ማንም አይከለክልዎትም።

ምግቡ ያስጨንቃል፤ ጊዜው ጾም ነውና። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ የመርከቡ ትልቁ ምግብ ቤት ደግሞ ሥጋውን፣ አይቡን፣ ክሬሙን በረድፍ ደርድሮ ይጠብቅዎታል። ሁሉንም ትቶ መቀመጥ አያስፈልግም። ድንች፣ ሰላጣ፣ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ ፍራፍሬ አይጠፋም። ድንቹ ቅቤ፣ ዳቦው ወተት እንዳለበት ልጅዎ ትጠይቅልዎት። ሳልመንና ሄሪንግ የሚባሉት ዓሦች በሽ ናቸው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ከመነሳትዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱት፣ እኔ አልገባበትም። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ የአሳማ ሥጋ በማያስቡት ምግብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አስበው ሳይጠይቁ አያንሱ።

ስለ ብርዱ የጉለሌ ሰው ብዙ አይፈራም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው እንጦጦ ጎን ያደገ፣ ለኪዳነ ምሕረት በሌሊት የተሳለመ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም የኦስሎው ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከባሕሩ ላይ ነፋስ ይጨመርበታል። የሽሮ ሜዳ ጋቢ አራት ድርብ ቢሆንም ጥጥ ነው፤ ርጥበት ይጠጣል፣ ነፋስ ያሳልፋል። ለክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ ወደ ላይ ወደ መርከቡ ሰገነት ሲወጡ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት ይልበሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ጫማ ነው። የኦስሎ የእግረኛ መንገድ በበረዶ ይሟልጣል፤ በእርስዎ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዳሌ ነው። ጫማ ላይ የሚጠለቅ፣ ብረት ጥርስ ያለው ጎማ አለ፤ ኖርዌጂያኖች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ልጅዎ ቀድማ ትግዛ።

ባሕር አይተው የማያውቁ ከሆነ ማቅለሽለሹ ያስፈራዎት ይሆናል። ኪል አካባቢና ኦስሎ መግቢያ ላይ ውሃው በአብዛኛው ረጋ ያለ ነው፤ የሚያናውጠው ሌሊት በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለው ካቴጋት የሚባለው ባሕር ነው። ክፍል ስትይዝ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ መርከቡ መሐል ያለውን ትምረጥ፤ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል። እራት ቀለል ይበል። ዝንጅብል ይረዳል። ኪኒን መውሰድ ካሰቡ ሳይነሱ፣ የሚከታተልዎትን ሐኪም አማክረው ይሁን።

የመጀመሪያው ማታ ከእራት በፊት መርከቡ ስቶርቤልት በተባለ የዴንማርክ ድልድይ ሥር ያልፋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ለመኪና የተከፈተ ነው፤ ከባሕሩ 65 ሜትር ከፍ ይላል፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ብቻ 1,624 ሜትር ርዝመት አለው። ከታች ሆኖ ሲያዩት የመርከቡ ጭስ ማውጫ ድልድዩን የሚነካ ይመስላል። ለዚህ ካፖርት ለብሶ መውጣት ይገባል።

በማግስቱ ልጅዎ ትተኛ፣ እርስዎ ግን እንደ ልማድዎ በጠዋት ይነሳሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ በኦስሎ ጀምበር የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈም ትጠልቃለች። የእኛ የ12 ሰዓት ቀን እዚያ 6 ሰዓት ያህል ይሆናል። ስለዚህ መርከቡ ኦስሎ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት ወርቅ ነው። ባሕሩ በተራሮች መካከል ጠብቦ ወደ ከተማው ይገባል፤ ዛፍ የለበሱ ትንንሽ ደሴቶች፣ በረዶ የሸፈናቸው ጣሪያዎች፣ መብራታቸው ያልጠፋ ቤቶች በሁለቱም ወገን ያልፋሉ። ልጅዎንና የልጅ ልጅዎን ቀስቅሰው ይዘዋቸው ይውጡ። አባት ከሆኑና ዕድሜዎ ከፈቀደ እዚህ ላይ የሚነግሩት ታሪክ አለ፦ በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይላችን ሲቋቋም፣ በማደራጀትና በማሠልጠን ከረዱት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩበት።

ኦስሎ ላይ አራት ሰዓት ተባለ እንጂ መርከቡ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ በሩ ስለሚዘጋ በእጅዎ ያለው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉን ልይ ማለት ድካም ነው። ከወደቡ በታክሲ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ መባቻ ገደማ የኖቤል የሰላም ሽልማት የሚሰጠው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የተቀበሉትም እዚያው ነው። ከዚያ ሞቅ ያለ ካፌ። ነጭ እብነ በረድ የለበሰው ኦፔራ ቤት ጣሪያው ላይ ሰው ይራመድበታል ብለው ይነግሯችኋል፤ በበረዶ ጊዜ ለወጣት ይተውት፣ ከታች ሆኖም ያምራል። ሯጭ የሚወድ ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን ሌላውን ትታችሁ ቢስሌት ስታዲየምን እዩ። መሠረት ደፋር በ1999፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚያ ነው። የጥሩነሽ 14 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ለተሰንበት ግደይ በ2013 እስክታሻሽለው ድረስ 12 ዓመት ቆይቷል። በሩ ቢዘጋ እንኳ ከፊቱ ፎቶ መነሳት አይከለከልም።

የሁለተኛው ሌሊት ነገር ግን ከኦስሎም ይበልጥብኛል። ሁሉም ደክሟል፣ የሚታይ ነገር አልቋል፣ ውጭው ጨለማ ነው። ባለ አራት አልጋ ክፍል ውስጥ ሦስት ትውልድ አለ። የልጅ ልጅዎ አማርኛዋ “እሺ”ና “ውሃ” ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ መሐል ሆና ታስተርጉም፤ እርስዎ ተረት ይጀምሩ፣ የጦጣዋን ወይም የአያ ጅቦን። ጅብ በየትኛውም ቋንቋ ያው ጅብ ነው፣ ድምፁን እርስዎ ያውጡት። ስልክ ላይ ያላወሩትን፣ የአባቷን ነገር፣ የቤቱን ነገር፣ መቼ ነው የምትመጪው የሚለውን ጥያቄ፣ ልጅቷ ስትተኛ ያንሱት። ሊያቋርጣችሁ የሚመጣ የለም፤ ኪል እስከምትደርሱ ገና ብዙ ሰዓት አለ።

አልጋውን በተመለከተ፣ ሁለቱ ከላይ የሚዘረጉ ናቸውና የታችኛው ለእርስዎ ይሁን። ላይኛውን ሕፃኗ ገና በሩን እንደከፈታችሁ ይዛዋለች።