በእሽቅድምድሙ መንገድ ዳር የቆመው ሰው



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ሥራ ቦታ በምንወያይበት ገጽ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ምን ዶለው የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሁን እንጂ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሳምንቱን ድካም ልትረሱ ቡና አቅርባችሁ ስትቀመጡ፣ ቴሌቪዥኑን የያዘው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አባት ከልጆቹ ጋር ተደርድሮ መኪኖቹ ሲሽከረከሩ ይመለከታል። እናት «እባካችሁ ይህን ጩኸት ቀንሱልኝ» ስትል፣ ልጁ ፊቱን ሳያዞር «ቆይ እማዬ፣ ሁለት ዙር ብቻ ቀረ» ይላታል። እንግዲያው ልጆቻችን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሚያዩት ነገር ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚነዳና ማን ዳር ቆሞ እንደሚመለከት ብናውቅ አይጎዳንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪኖቹ በአንድነት ተነሥተው በተከለለ መንገድ የሚዞሩበት ነው፤ ከ1950 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ የሚካሄደው ፎርሙላ አንድ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ራሊ ይባላል። ራሊ ሜዳ የለውም። ገበሬው በግ የሚነዳበት፣ አውቶቡስ የሚያልፍበት የተለመደ የገጠር መንገድ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋና መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ በደቂቃ ልዩነት እየተነሡ ይበሩበታል፤ አሸናፊውን የሚለየው ሰዓት ነው። የራሊ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1973 ነው። በሁለቱም ዘንድ አንድ ውድድር ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ዓመቱን ሙሉ ከአገር ወደ አገር እየተዞረ ነጥብ ይለቀማል። ስለዚህ እውነተኛው ተከታታይ እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ደብተር ይዞ፣ ማን ስንት እንዳለው፣ ማን ስንት እንደጎደለው ሲደምርና ሲቀንስ ይከርማል።

እንዲህ ካሉት ዓመታት አንዱን፣ የ1982ን የራሊ ዘመን፣ እስቲ አብረን እንከተል።

በዚያ ዓመት ውድድሩ አሥራ ሁለት ነበር፤ ለእያንዳንዱ አሸናፊ 20 ነጥብ፣ ለሁለተኛው 15፣ ለሦስተኛው 12 እያለ ይወርዳል። ለማዕረጉ ከተፋለሙት አንዱ ኦፔል አስኮና ይነዳ የነበረው ጀርመናዊው ቫልተር ሮርል ነው። ሌላዋ ኦዲ ኳትሮ ትነዳ የነበረችው ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን ናት። ሙቶን በ1951 የተወለደችው ለሽቶ የሚሆን ጽጌረዳና ጃስሚን በሚበቅልበት በግራስ ከተማ ሲሆን፣ ቤተሰቧም አበባ አምራች ነበር። የሕግ ትምህርት ጀምራ ተወችው። ወደ ራሊ የገባችውም አጠገብ ተቀምጣ መንገድ በመንገር ነበር። አባቷ ግን ልጃቸው ከሌላ ሰው ጎን ከምትቀመጥ ራሷ መሪ ብትይዝ እንደሚመርጡ ገልጸው መኪና ገዙላት፤ ችሎታዋን የምታሳይበት ጊዜ ግን አንድ ዓመት ብቻ መሆኑን አስታወቋት። (ለሴት ልጅ የልብስ ስፌት መኪና በሚገዛበት ዘመን የመሽቀዳደሚያ መኪና የገዛ አባት ምን ያህል ይገኛል?)

በ1981 ጥቅምት በጣሊያን የሳንሬሞን ራሊ ስታሸንፍ፣ በዓለም ሻምፒዮና አንድ ውድድር በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መንገድ የምትነግራትም ሴት ነበረች፤ ጣሊያናዊቷ ፋብሪሲያ ፖንስ። የመንገድ ነጋሪን ሥራ እንደ ቀላል የሚያዩ አሉ፤ አይደለም። ጉብታውንና ኩርባውን ሁሉ አስቀድማ በደብተር ጽፋ፣ መኪናው እንደ ወንፊት እየተናጠ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ ለሾፌሯ ታነብላታለች። አንድ መስመር ብትዘል ሁለቱም ገደል ናቸው።

በ1982 ሙቶን ፖርቱጋልን፣ የግሪኩን አክሮፖሊስንና ብራዚልን አሸነፈች። ሮርልም አልተኛም፤ ውድድር ባያሸንፍም እንኳ ነጥብ ሳይለቅም አይውልም ነበር። በሴት መሸነፍ እንደማይዋጥለት በግልጽ መናገሩም ተዘግቧል። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ውድድር ሲቀር ሁለቱ በምዕራብ አፍሪካ፣ በኮትዲቯር ተገናኙ። የኮትዲቯር ራሊ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ አቧራና ጭቃ የሚፈራረቅበት መንገድ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የሙቶን አባት በካንሰር በሽታ ማረፋቸው ተሰማ። እንድትወዳደርላቸው ፈልገው ስለነበር ተነሣች። ሐዘኗን በሆዷ ይዛ ሮርልን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደመችው። ከዚያ በኋላ ካምቢዮው ተበላሸ፤ ሲቀየር ያ ሁሉ የቀደመችበት ጊዜ ባከነ። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡም መኪናዋ ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ፤ ውድድሩንም ማዕረጉንም ሮርል ወሰደ። በመጨረሻው የእንግሊዝ ውድድር ሁለተኛ ብትወጣም የዓመቱ ሒሳብ ሮርል 109፣ ሙቶን 97 ሆኖ ተዘጋ። ልዩነቱ 12 ነጥብ ነው፤ ኮትዲቯርን ያሸነፈ ያገኘው ደግሞ 20 ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና እርሷ የደረሰችበት የደረሰች ሌላ ሴት የለችም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ስለ አንዲት ጀግና ሴት አውርተን በተለያየን ነበር። እኛን እናቶችን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሙቶን በመኪናዋ መስተዋት በኩል ስታየው የነበረው ሕዝብ ነው።

ኳስ የሚያይ ሰው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሜዳው ከነተጫዋቹ በፊቱ ነው። የራሊ ተመልካች ዕድል እንዲህ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ልጁን በትከሻው አዝሎ ተራራ ይወጣል፤ በብርድ ወይም በፀሐይ ለሰዓታት ይጠብቃል፤ የሚወደው መኪና መጥቶ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ እልም ይላል። ለዚያች ለጥቂት ሴኮንድ ሲል ይጠጋል። አጠገቡ ያለው አንድ እርምጃ ሲወጣ እይታው ስለሚጋረድበት እርሱም አንድ ይወጣል። በመጨረሻ መንገዱ ራሱ በሰው ይሞላና መኪናው በመጣ ጊዜ ሕዝቡ እንደ በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ካለፈም በኋላ ይዘጋል። በ1980ዎቹ ፖርቱጋል ውስጥ የነበረው ይህ ነው። የሚያልፈውን መኪና በእጁ ለመንካት የሚሞክርም ነበር። ሾፌሩ ኩርባውን የሚያየው በሰው እግር መካከል ነው። እኛ እንደምናስበው ይህን ሕዝብ እብድ ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ከሥራው ዕረፍት ወስዶ፣ ቤተሰቡን ይዞ የወጣ ደህና ሰው ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ማንም ራሱን አደጋ ላይ እንደጣለ አይቆጥርም፤ ጎረቤቱም ቆሟልና።

መኪኖቹ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይፈጥኑ ነበር። በ1982 የወጣው፣ ምድብ ቢ የሚባለው ደንብ ለፋብሪካዎቹ ብዙ ነፃነት በመስጠቱ፣ ቀላልና እጅግ ኃይለኛ የሆኑ መኪኖች ተሠሩ። በ1986 መጋቢት 5 ቀን፣ በሲንትራ አቅራቢያ በሚገኘው የፖርቱጋል ራሊ መንገድ ላይ፣ የአገሩ ሰው የሆነው ዮአኪም ሳንቶሽ ፎርድ አርኤስ 200 እየነዳ አንድ ጉብታ ሲያልፍ መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች ገጠሙት። እነርሱን ለማዳን መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው አምልጦት በሌላው ወገን ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል ገባ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከሠላሳ በላይ ቆሰሉ።

የዚያን ዕለት የፋብሪካዎቹ ሾፌሮች በኢሽቶሪል በአንድ ሆቴል ተሰብስበው አንወዳደርም አሉ። ከእነርሱም መካከል ሮርልና ወጣቱ ፊንላንዳዊ ሄንሪ ቶይቮነን ነበሩበት። በጽሑፍ ያወጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ለሟቾቹ ቤተሰቦች አክብሮት፤ የተመልካቹን ደኅንነት ማረጋገጥ አለመቻሉ፤ አደጋው የደረሰውም ሾፌሩ መንገድ ላይ የቆሙትን ሊያድን ሲል መሆኑ። ውድድሩ ግን አልቆመም፤ በአገሩ ሾፌሮች ቀጥሎ ተፈጸመ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 2 ቀን፣ ቶይቮነንና መንገድ ነጋሪው ሰርጂዮ ክሬስቶ በኮርሲካ ደሴት መኪናቸው ገደል ገብቶ ተቃጠሉ። ከዚህም የተነሣ ምድብ ቢ ከ1987 ጀምሮ ከሻምፒዮናው ታገደ። ሦስቱ ሰዎች ፖርቱጋል ላይ ሲሞቱ ያልተወሰደው እርምጃ የተወሰደው ታዋቂው ሾፌር ሲሞት መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም።

የተከለለው መንገድ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በ1955 በፈረንሳይ ሌ ማን አንድ መርሴዲስ ተሰባብሮ ወደ ተመልካቹ ሲወረወር ከሰማንያ በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ1975 በባርሴሎና፣ በሞንትዥዊክ ኮረብታ ላይ በተካሄደው የፎርሙላ አንድ ውድድር ደግሞ ሾፌሮቹ የብረት አጥሩ ቡሎን በደንብ አልታሰረም ብለው አንወዳደርም እስከማለት ደርሰው ነበር። ውድድሩ ተካሄደ፤ የአንድ መኪና የኋላ ክንፍ ተሰብሮ አጥሩን ሲያልፍ ከወዲያ ማዶ የነበሩ ሰዎች ሞቱ። ውድድሩ በመካከሉ በመቋረጡ ነጥቡ በግማሽ ተሰጠ። ስድስተኛ የነበረችው ጣሊያናዊት ሌላ ሎምባርዲም ግማሽ ነጥብ አገኘች። በፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ሴት ያገኘችው ነጥብ እስከ ዛሬ ያ ግማሽ ብቻ ነው፤ የተገኘውም በለቅሶ ቀን ነው።

ወደ ሙቶን እንመለስ። በ1986 የጀርመንን የራሊ ሻምፒዮና ካሸነፈች በኋላ ከዚህ ሥራ ተሰናበተች። በ1988 ቶይቮነንን ለማስታወስ «የሻምፒዮኖች ውድድር» የተባለውን ከአንድ ባልደረባዋ ጋር መሠረተች። በ2010 ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ሴቶችን ወደ ስፖርቱ ለማምጣት ላቋቋመው ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነች። በኋላም በዓለም የራሊ ሻምፒዮና የፌዴሬሽኑ የደኅንነት ተጠሪ ሆና ሠርታለች። ይህ ሥራ ተወዳዳሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት መንገዱን እየተመለከቱ፣ ሕዝቡ የት እንደቆመ መመርመር፣ ያልሆነ ቦታ የቆመውን ማስነሣት፣ አልነሣም ካለም ያ የውድድሩ ክፍል እንዲሰረዝ ማሳሰብ ነው። በሰው አጥር መካከል ስትነዳ የኖረች ሴት ለዚህ ሥራ መመረጧ ተገቢ ነበር እንላለን፤ ሰው በሾፌሩ ዓይን ምን እንደሚመስል ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነውና። ቁጣው ደግሞ ለአፍ ያህል አይደለም። ፖላንድ ተመልካቿን በሥርዓት መያዝ ባለመቻሏ ከ2018ቱ የዓለም ሻምፒዮና መርሐ ግብር ወጥታ፣ የተመለሰችው በ2024 ነው።

«እኛ የት፣ ራሊ የት» እንዳትሉ። ከሞያሌ ወዲያ ማዶ፣ በጎረቤታችን ኬንያ፣ በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ አለ። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ከቆየ በኋላ በ2021 ወደዚያው ተመልሷል፤ መናኸሪያውም የናይቫሻ አካባቢ ነው። ናይሮቢ ዘመድ ያላችሁ ወይም እዚያው የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትወጡ የሚከተለውን ልብ በሉ።

ከሁሉ በፊት ከኩርባ ውጭኛ ወገን አትቁሙ። መኪና ፍሬን ሲያጣ ወይም ሲንሸራተት የሚወጣው ወደዚያ ነው፤ ባዶ ሆኖ የምታገኙትም ሌላው ሰው ስለሚያውቅ ይሆናል። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦታ አትቀመጡ፤ ከፍ ያለ ዳገት ፈልጉ፤ ከኋላችሁም መሸሻ ይኑር። ዛፍና አጥር ላይ ተደግፎ መቆም ለዓይን ይመቻል እንጂ ማምለጫ ይከለክላል። ፎቶግራፍ የምታነሡ፣ ጀርባችሁን ለመንገዱ ሰጥታችሁ ቤተሰብ አትደርድሩ። ሕፃኑን በእጁ ያዙት፤ ጆሮውንም በመሸፈኛ ሸፍኑለት፤ የሞተሩ ጩኸት ለአዋቂም ይከብዳል። የተዘረጋውን ገመድ ማለፍ፣ ወይም ሁለት መኪና እስኪያልፍ ባለው ክፍተት መንገድ መሻገር ፈጽሞ አይገባም።

ከመጀመሪያው ተወዳዳሪ በፊት የዜሮ ቁጥር የተለጠፈባቸው መኪኖች ያልፋሉ፤ መንገዱ መዘጋቱን የሚያስታውቁ ናቸው። እነርሱን ተወዳዳሪ መስሎት ከገመዱ የሚወጣ ልጅ አይጠፋም፤ ዋናዎቹ የሚመጡት ከእነርሱ በኋላ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሲያበቁም መንገዱን የሚጠርግ አንድ የመጨረሻ መኪና ከኋላ ይመጣል። የልጁን እጅ የምትለቁት እርሱ ካለፈ በኋላ ነው።